አንቀጽ 50ን ይዤ ወደ ቢቸና

ዓርብ፣ የካቲት 1 ቀን 2011

አውቶቡስ ተራ የደረስኩት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ረዳቱ አፉን ዳቦ ሞልቶት ስለሚጣራ "ቢቸና" ያለው "ቢሾፍቱ" መስሎኝ አልፌው ሄድኩ። ስመለስ ከጎማው በላይ ያለው ወንበር ብቻ ቀርቷል። እስከ ደጀን ጉልበቴ አገጬን እየነካ ተጓዝኩ።

ለምን እንደምሄድ ልናገር። የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። 11 ዓመት ሙሉ አንድ አንቀጽ ሳስጽፍና ፈተና ላይ ሳወጣ ኖሬአለሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4። ክልሎች አስፈላጊ ሆነው ባገኟቸው የአስተዳደር እርከኖች ይዋቀራሉ ይላል። ቀጥሎም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛዎቹ እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። ባለፈው ወር አንዲት ተማሪዬ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ በቂ ማለት ስንት ነው?" ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ደወሉ ገላገለኝ።

በዚያው ሳምንት አጎቴ ደወለ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ ጎጃም ውስጥ ቢቸና አካባቢ የሚያርስ።

"ተከስሻለሁ" አለኝ።

"አያ፣ በምን?"

"በበሬ።"

በሬው ጎረቤት ማሳ ገብቶ ሽምብራ በልቷል። የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ለማክሰኞ ቀጥሮታል። የግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ተጀምሯል፣ እኔም ሥራ የለኝም። ትንሿን የሕገ መንግሥት መጽሐፍ ሻንጣ ውስጥ ወርውሬ ተነሳሁ።

ጎሐ ጽዮን ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር ወሬው ሁሉ ጸጥ አለ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት አማተቡ። አባይን ተሻግረን ሽቅብ ስንወጣ ሞተሩ እንደ ሽማግሌ ያቃስት ነበር። ደጀን ላይ በያይነቱ በላሁ። ቢቸና የገባሁት ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ነው። ማታ ቁንጫው አላስተኛኝም፣ ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 2

ከቢቸና እስከ አጎቴ ቤት በእግር 3 ሰዓት ነው። በእኔ እግር 4።

ጤፉ ታጭዶ ተነስቷል። ሜዳው ቃርሚያ ብቻ ነው፣ ከብቱ ተለቆ ይውላል። በመሐሉ እዚህም እዚያም የሽምብራ ማሳ አለ። ሽምብራ ክረምቱ በጥቁሩ አፈር ውስጥ ጥሎት በሄደው እርጥበት ነው የሚያድገው። ዓይን እስከሚያየው ድረስ አረንጓዴ ነገር እሱ ብቻ ነው። በሬ ምን ያድርግ!

ተከሳሹን አጥር ሥር ታስሮ አገኘሁት። ዳልቻ ይባላል። ያመነዥካል።

የቀበሌዋን ስም አልጽፍም። ወደ ኋላ እንደምታዩት የሚያስወቅስ ነገር አለ፣ ስሟን ብጠራ የሚጠየቀው አጎቴ ነው። ደግሞ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ቀበሌ አይሏትም። "ማኅበር" ነው የሚሏት። "ማኅበር ተጠርተናል"፣ "ማኅበር ቤት ደርሼ ልምጣ"። የገበሬ ማኅበር ማለታቸው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ገበሬው ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር ያህል፣ በሚሸፍን አካባቢ ማኅበር እንዲያቋቁም አዘዘ። ማኅበሩ መሬት አከፋፈለ፣ ዳኛ መረጠ። ቀበሌ የሚለው ስም የከተማ ነበር፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ከወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ጋር የመጣ። በኋላ ነው ገጠሩንም ያለበሱት።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ከዚያ በፊትስ ማን ያስተዳድር ነበር ብዬ ጠየቅሁ። አጎቴ ከአባቱ የሰማውን ነገረኝ። መሬቱ በዋና አባት ይቆጠራል፣ መጀመሪያ አገሩን ባቀናው ሰው። ከዋናው አባት ሥር ምንዝር አባቶች አሉ። የእያንዳንዱን አባት ርስት የሚያካፍልና በሙግት የሚቆም ሰው ይመረጣል፣ ፈጅ ይባላል። ግብር የሚሰበስበው፣ ሌባ የሚያፈላልገው ጭቃ ሹሙ ነው። "ጭቃ ሹምነቱ በዙር ነበር" አለኝ። "ዘንድሮ የዚህ አባት ልጆች፣ ለከርሞ የዚያኞቹ። ማንም ሥር እንዳይሰድ።"

ሌባ ሲጠፋ ደግሞ አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር። መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ ወፍ ነገረኝ እያለ የሚጠቁም እስኪገኝ ከዚያ አይነሳም። ያልመጣ ይቀጣል። አጎቴ ይህን ሲያወራ በናፍቆት ነው። እኔ ግን ንፁሑም ሰው ሥራ ፈትቶ እየዋለ የሚቀጣበት ነገር መስሎ ታየኝ። አልነገርኩትም።

እሑድ፣ የካቲት 3

ከቅዳሴ በኋላ ሰው አልተበተነም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ትልቅ ዋርካ አለ። ወንዶቹ ሥሩ ተቀመጡ፣ ሴቶቹ ትንሽ ራቅ ብለው። የጎጡ ስብሰባ ነው አሉኝ።

አጀንዳው ምንጭ ነው። የምንጩ አጥር ፈርሶ ከብት ይገባበታል። አንድ ሰው ተነስቶ ችግሩን ተናገረ። ሌላው ባህር ዛፍ እኔ እሰጣለሁ አለ። ሦስተኛው ሚስማር ማን ይገዛል አለ። ከየቤቱ 10 ብር ተባለ። አንዲት ሴትዮ ከራቁበት ሆነው "ውሃ የምንቀዳው እኛ ነን፣ በሩ ወዴት ይሁን ብሎ የጠየቀን የለም" አሉ። ሳቅ ሆነ። በሩ ወደ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ይህ ሁሉ 20 ደቂቃ አልፈጀም። ቃለ ጉባኤ የለ፣ ፊርማ የለ። ገንዘብ ያዡ በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ሄደ።

ሁለተኛው አጀንዳ ረዘመ። የተፋሰስ ሥራ ነው። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ገበሬው በነጻ ወጥቶ እርከን ይሠራል። ሥራውን ማንም አልጠላም፣ አፈሩ እንደሚሄድ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ክርክሩ ስንት ቀን እንደሚወጣና የት ላይ እንደሚሠራ ነበር። የልማት ባለሙያው፣ ወጣት ልጅ፣ ወረቀት አወጣ። ቀኑም ሜትሩም ከላይ ተሞልቶ የመጣ ነው። "እኔም ተሰጥቶኝ ነው" አለ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ። አንድ ሽማግሌ ቦይ መቆፈር ያለበት ከዚህ ገደል በላይ ነው ብለው በዱላቸው አሳዩት። ትክክል እንደሆኑ ልጁም አመነ። ግን በካርታው ላይ የተቀባው ሌላ ቦታ ነው።

ትንሿን መጽሐፍ አወጣሁና አንቀጽ 88ን አነበብኩ። መንግሥት ሕዝቡ በሁሉም ደረጃ ራሱን በራሱ እንዲያስተዳድር ማመቻቸት አለበት ይላል። ድምፄን ከፍ አድርጌ አላነበብኩም። ማን ሊሰማኝ!

ሰኞ፣ የካቲት 4

የአጎቴ ልጅ መታወቂያ ያስፈልጋታል፣ ደብረ ማርቆስ ሥራ አግኝታለች። "አንተ የተማርክ ነህ፣ ካንተ ጋር ብትሄድ ይሻላል" ተባለና አብረን ቀበሌ ሄድን።

ጽሕፈት ቤቱ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ጭቃ ቤት ነው። የተሠራው በደርግ ጊዜ በሕዝቡ ጉልበት ነው። በሩ ተቆልፏል። ደጃፉ ላይ ስምንት ሰው ተቀምጧል፣ ሁለቱ ከዓርብ ጀምሮ የሚመላለሱ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ መጣ። ትከሻው ላይ አካፋ አለ፣ ከተፋሰሱ ሥራ ነው የመጣው። ቁልፍ አለው። ከፍቶ አስገባን፣ የልጅቷን ስም መዝገብ ላይ አገኘው፣ ቅጹን ሞላ፣ ፈረመ። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

"ማህተሙ የለም።"

ማህተሙ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወረዳ ስብሰባ ሄዷል። መቼ ይመለሳል? ስብሰባው ሲያልቅ።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን 11 ዓመት ያስተማርኩት ነገር እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አየሁት። ሊቀመንበሩ ሕዝብ የመረጠው ነው፣ ደመወዝ የለውም። ሥራ አስኪያጁ የወረዳው ቅጥር ነው፣ ደመወዝ አለው። ማህተሙ የሚያድረው ከደመወዙ ጋር ነው። ገንዘቡም እንደዚያው፣ የክልሉ ድጎማ ወርዶ ወርዶ ወረዳ ላይ ይቆማል፣ ቀበሌ የራሱ በጀት የለውም። ቾክ ለመግዛት እንኳን ወይ ወረዳ ይለመናል ወይ ሰው ያዋጣል።

ወረቀቱ ላይ ግን ሁሉም አለ። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ቀበሌ የሚል ቃል የለበትም፣ ነገሩን ለክልሎች ነው የተወው። የአማራ ክልል በ1994 ባሻሻለው ሕገ መንግሥቱ ሞላው። የቀበሌ ምክር ቤት፣ አስተዳደሩ፣ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ፣ ሦስቱም በስማቸው ተጽፈዋል። ሕግ አውጪ፣ አስፈጻሚ፣ ዳኛ። አንዲት ትንሽ አገር ማለት ናት፣ ማህተሟ ስብሰባ የሄደባት።

ሊቀመንበሩን ስለ ምክር ቤቱ ጠየቅሁት። በ2000ው ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤቶች ወንበር እስከ 300 እንዲደርስ ተደርጎ ነበር፣ በ2005 ሚያዝያም እንደገና ተመረጠ። ዘመኑ 5 ዓመት ነው። አምና አለቀ። ምርጫው ግን ተራዘመ።

"እና አሁን ሥልጣናችሁ ከየት ነው?" አልኩት።

"ከመራዘሙ" አለ።

እየቀለደ ይሁን አይሁን አላወቅሁም። ፊቱ ላይ ድካም ብቻ ነበር። እውነቱን ለመናገር አዘንኩለት። አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ማንሳት ይችላል ይላል። ይህ ሰው ግን አንሱኝ እያለ የሚያነሳው አጣ።

ማታ አጎቴን "አንተ ለምን አልተመረጥክም?" አልኩት። አነጋገር ያውቃል፣ ሰው ይሰማዋል። ዝም አለ። ሚስቱ ናቸው የመለሱልኝ። ከሳጥን ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ የይዞታ ደብተር አወጡ። የሁለቱም ፎቶ አለበት፣ የሳቸው ስም ከሱ እኩል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ልኬታው ሲጀመር የመጣ ነገር ነው፣ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ጎዛምን ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። የመሬት ኮሚቴ ከየጎጡ ተመርጦ ድንበርተኛውን ሁሉ አቁሞ ነው የጻፈው።

"ይህን ተመልከት" አሉኝ። "4 ጥማድ። የአባቱ መሬት 9 ጥማድ ነበር።"

ነገሩ ገባኝ። በ1989 ክልሉ መሬት ሲያከፋፍል በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ሥልጣን ላይ የነበረውን ሁሉ "ቢሮክራሲ" አለው፣ የንጉሡን ዘመን ሹመኛ ዘር ደግሞ "ቅሪት ፊውዳል"። ለነሱ የተፈቀደው 1 ሄክታር፣ ማለትም 4 ጥማድ፣ ብቻ ነበር፣ ለሌላው እስከ 3 ሄክታር ሲደርስ። ጎጃሜው አዲስ አበባ ድረስ ወጥቶ አቤት ብሎ ነበር። የአጎቴ አባት፣ አያቴ ማለት ነው፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ነበሩ። የአራት ዓመት ጽሕፈት 5 ጥማድ አስከፈላቸው።

"ተመርጦ የተረፈ የለም" አለ አጎቴ። ተነስቶ በሬዎቹን ለማየት ወጣ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

አቦ ነው። አይታረስም። ችሎትም ስብሰባም በበዓል ቀን የሚሆነው ለዚህ ነው፣ ሞፈር አይያዝማ። እሑድ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ማርያም ብሎ ለቆጠረ የጎጃም ገበሬ ለመንግሥት የሚሆን ቀን አያጣም።

ዳኞቹ ሦስት ናቸው። ሁለት ወንዶች፣ አንዲት ሴት። እነሱም ደመወዝ የላቸውም። ሰብሳቢው ወንበር ላይ፣ ሁለቱ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። መዝገቡ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው፣ ሽፋኑ ላይ የኳስ ተጫዋች ፎቶ አለበት። ጸሐፊው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ እስክሪብቶው እየደረቀ ጫማው ሶል ላይ እየሞከረ ይጽፋል።

ከሳሿ ባል የሞተባቸው ሴትዮ ናቸው። አጭር አድርገው ተናገሩ። ዓርብ ሁለት ሳምንቱ፣ ከብት በሚገባበት ሰዓት፣ ዳልቻ ማሳቸው ውስጥ ተገኘ። ያየ አለ። አለቀ።

አጎቴ ግን ጋቢውን አጣፍቶ ተነሳ። አያቶቹ "በላ ልበልሃ" እየተባባሉ ሲሟገቱ የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ደሙ ውስጥ ነው። መሬቱ ቃርሚያ ሲሆን ከብት የሚለቀቅ መሆኑን አስረዳ። ሽምብራ የዘራ ማጠር እንዳለበት አስረዳ። አጥር እንዳልነበረ ምስክር ጠራ። ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ በዱላው መሬቱን እየጠቆመ፣ "እኔ አልበላሁም! እኔ አልላክሁም!" አለ። ሰው በአድናቆት ይሰማው ነበር።

ሴቲቱ ዳኛ ጠየቁት።

"በሬው የማን ነው?"

"የኔ።"

"ሽምብራውን ማን በላው?"

"በሬው።"

"እንግዲያስ በላ!" አለ ከኋላ አንዱ። "በላ ልበልሃ!"

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። አጎቴም ሳቀ። ሰብሳቢው ራሱ አፉን በጋቢው ሸፈነ።

ከዚያ ሦስት ገማቾች ተላኩ። ተከትያቸው ሄድኩ። ማሳው ዳር ተቀምጠው የተበላውን ከተረገጠው ለዩ። አንዱ ተንበርክኮ የተረገጠውን በጣቱ ቀና አድርጎ "ይኼ ይነሳል፣ አትቁጠሩት" አለ። ከተረፈው አንድ እጅ ነቅለው ፍሬውን ፈለፈሉ፣ በመዳፍ መዘኑት፣ በተበላው ስፋት አባዙት። የሒሳብ ክፍል ውስጥ እንዲህ በጥንቃቄ ሲሰላ አላየሁም። ሁለት ቁና ተኩል አሉ። አንዱ ሦስት ይሁን አለ። አጥር አልነበረም ተባለና ወደ ሁለት ወረደ።

ፍርዱ ሁለት ቁና ሽምብራ፣ አውድማ ላይ የሚከፈል። ከሳሿ ለከርሞ በእሾህ ያጥሩ፣ አጎቴ አጥሩን ለመሥራት አንድ ቀን ይረዳ። የመጨረሻው የትኛውም ሕግ ውስጥ የለም፣ ዳኞቹ ከራሳቸው ጨመሩት። ለኔ ከሁሉም የበለጠ የጣመኝ እሱ ነው።

ውሳኔው ግልባጭ እንዲወጣ ጸሐፊው ጠየቀ። ሰብሳቢው ደብተሩን ዘጋው። "ማህተም የለም፣ ቃላችሁ ይበቃል" አለ። ሁለቱም እጅ ተነሳሱና ጠላ ሊጠጡ አብረው ሄዱ።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

በደጀን ዞሬ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። የአንድ ባልደረባዬ አባት አሉ፣ ዕድሜያቸው 80 ያለፈ። የአጥቢያ ዳኛ ልጅ ናቸው። የ1939 አዋጅ እስከ 25 ብር የሚደርስ ሙግት እንዲሰሙ ሥልጣን የሰጣቸው ዳኞች ማለት ነው። ከአጎቴ ዳኞች ጋር አስተያየኋቸው። ስሙና ብሩ ተለወጠ እንጂ ወንበሩ ያው ነው።

ስለ 1960 ጠየቅኋቸው። አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር በመጣ ጊዜ ጎጃም ነው ያመጸው፣ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት። ገበሬው የፈራው ብሩን ብቻ አልነበረም። ግብሩን ተከትሎ ቀላድ፣ የመሬት መለኪያው ገመድ፣ ይመጣል፣ ቀላድ ከተጣለ ርስት አይኖርም ብሎ ነው። አውሮፕላን ተልኮ መንደር ተደበደበ። ገበሬው ግን አልተመለሰም። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴን አነሱ፣ ከ1942 ጀምሮ የተጠራቀመውን የግብር ውዝፍም ማሩ።

"ማን አስተባበራችሁ?" አልኳቸው።

"ማኅበር ነዋ። ጽዋ የምንጠጣበት።"

ሌላ ነገር የምጠይቃቸው ነበረኝ፣ ግን ቡናው ሦስተኛ ደርሶ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ልጃቸው ጋቢ ደረበችላቸው። እኔም ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

መመለስ። ከጎማው በላይ ያለውን ወንበር ዛሬ አመለጥኩት።

ሱሉልታ ስንደርስ አጎቴ ደወለ። ሥራ አስኪያጁ ተመልሷል፣ ማህተሙም ተገኝቷል። የቀለሙ መርገጫ ግን ደርቆ ስለነበር ውሃ ጠብ አድርገውበት ነው የመቱት።

"ታዲያ ወጣላት?"

"ወጣ። ፎቶዋ ላይ ግማሹ ነው ያረፈው።"

"ግማሹ ይበቃል?"

"እንጃ ልጄ። ወረዳ ካልተቀበሏት ተመለሽ ብለዋታል።"